ጥፍሬ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል፤ ለሰርጉ 15 ቀን ቀርቶኛል

ሚዜው
ጥር 3፣ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። የግራ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር በአንድ ጎኑ ሥጋው ውስጥ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። መጀመሪያ ወጋ ወጋ ያደርገኝ ነበር። ጥጉን በምላጭ ወደ ታች ቆረጥኩትና አምስት ስድስት ቀን ተገላገልኩ። ከዚያ ባሰበት። ደግሜ፣ ከመጀመሪያው ጠለቅ አድርጌ ቆረጥኩ። አሁን ጎኑ ቀልቷል፣ አብጧል፣ ጫን ሲሉት እዥ ይወጣል። ሌሊት እየጠዘጠዘ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ብርድ ልብሱ ሲነካኝ እንኳ እዘላለሁ።

ሥራ ቦታ የሚሰጡን ጥቁር ቆዳ ጫማ ነው። ልኬ 42 ነው፣ የደረሰኝ ግን 41። "ስታደርገው ይለቅልሃል" ተባልኩ። ጫማው እስካሁን አልለቀቀም። በቀን አሥር ሰዓት ቆሜ ነው የምውለው።

አብሮኝ የሚኖረው ልጅ አምፒሲሊን ፈትተህ ዱቄቱን ነስንስበት አለኝ። ሁለት ቀን አደረግኩት፣ ደርቆ እንደ ጭቃ ተጋገረበት። ጥር 18 የልብ ጓደኛዬ ሰርግ ነው፣ አንደኛ ሚዜ ነኝ። ሰው ሙሽራዋን ትቶ የእኔን ማነከስ እንዳያይ ምን ላድርግ?


የሽሮሜዳው
ጥር 3፣ ከምሽቱ 4፡32

ይቺ ቀላል ናት። ጥፍሩ ጫፍ ላይ፣ መሐሉን፣ የ"ቪ" ቅርጽ አውጣለት። መሐሉ ሲጎድል ጥፍሩ ወደ መሐል ይሳብና ጎኑን ይለቃል። አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። የገባችውን ደግሞ በመርፌ ፈልቅቀህ አውጣት። እሾህን በእሾህ ነው ወንድሜ።


ሲስተር ቲ
ጥር 4፣ ከጠዋቱ 1፡25

የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ አሁን ነው ያየሁት። ነርስ ነኝ፣ ትንንሽ ቀዶ ሕክምና የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከሁሉ በፊት ምላጩንም መርፌውንም አስቀምጥ።

የ"ቪ"ውን ነገር በየቤቱ ሰው ያውቀዋል፣ ግን አይሠራም። ጥፍር የሚያድገው ከሥሩ፣ ከቆዳው በታች ካለው ቦታ ብቻ ነው። ከላይ የሚታየው የሞተ ነገር ስለሆነ ጫፉን ብትቀድደው ወደ መሐል አይሳብም። ፀጉርህን ስትቆረጥ ሥሩ ያውቃል?

አንተ ላይ የሆነውን ልንገርህ። ጥጉን ስትቆርጠው የሚጫንህ ነገር ለጊዜው ይነሣል፣ እፎይ ትላለህ። ምላጭህ ግን እስከ መጨረሻው ጥግ አይደርስም። ዓይንህ በማያየው ቦታ፣ ከሥጋው ሥር፣ እንደ ዓሣ አጥንት የሾለች ስንጥር ትቀራለች። የእግር ጥፍር በወር አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ያድጋል፤ ስንጥሯም በዚያው ልክ ወደፊት እየገፋች ሥጋውን ትወጋለች። ጥፍሩ የተነሣለት ሥጋ ደግሞ የሚጫነው ስላጣ ወደ ላይ ያብጥና መውጫዋን ይዘጋባታል። ሲያምህ መልሰህ፣ አሁንም ጠለቅ አድርገህ ትቆርጣለህ። ሦስት ሳምንትህ እንዲህ ነው ያለፈው።

አምፒሲሊኑን ተወው። እንክብል የተሠራው ለመዋጥ ነው። ዱቄቱ ሲጋገር መግሉን ከሥር ያፍነዋል፤ ፔኒሲሊን የማይስማማህ ሰው ከሆንክ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይዞ ይመጣል። የሚዋጠውም ቢሆን ስንጥሯ እዚያው እያለች ብቻውን አያድንህም።

እስክትታይ ድረስ ንጹሕ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርግ፣ ለአንድ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። 15 ደቂቃ ዘፍዝፈው፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ዘፍዝፎ ሲያበቃ በእርጥቡ ካልሲ ያጠልቅበታል። ርሶ የቆየ ቆዳ ይላላል፣ ጥፍሩም ይበልጥ ይሰረስረዋል። ስለዚህ በጣቶችህ መሐል ሳይቀር አድርቅ። ከዚያ ቫዝሊን ሳሳ አድርገህ፣ ደረቅ ጎዝ፣ በቃ። አልኮል፣ በረኪና፣ ሎሚ፣ ነጭ ጋዝ የሚባል ነገር አታፍስበት፤ ሊድን የሚሞክረውን ሥጋ ጭምር ነው የሚያቃጥሉት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ውሰድ፣ ስትተኛ እግርህን ትራስ ላይ አውጣው። ቤት ስትሆን ጣቱ ላይ ክፍት የሆነ ነጠላ ጫማ አድርግ።

አሁን መልስልኝ። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ብሎሃል? ብሽሽትህ ላይ ንፍፊት አለ? ስኳር አለብህ? ከጣቱ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ቀይ መስመር ካየህ እዚህ መልስ አትጠብቅ፣ ያኔውኑ ሂድ።


ሚዜው
ጥር 4፣ ከረፋዱ 5፡05

ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትኩሳት የለኝም። ብሽሽቴ ላይ በግራ በኩል ሽምብራ የምታክል ነገር ትዳሰሰኛለች። ቀይ መስመር አላየሁም። ስኳሬን ተለክቼ አላውቅም። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፤ ጥፍሩ ጎን ላይ ጥሬ ሥጋ የመሰለ ቀይ ነገር በቅሏል፣ ነካ ሲያደርጉት ይደማል። ፎቶውን ማየት የሚፈልግ ይኸው፣ ምሳ ከበላችሁ በኋላ ይሁን።


ሲስተር ቲ
ጥር 4፣ ከቀኑ 6፡40

አየሁት። ያ ቀይ ነገር ሰውነትህ ስንጥሯን ለመታገል ያበቀለው ሥጋ ነው። እዚህ ከደረሰ በመዘፍዘፍ ብቻ የሚመለስ አይመስለኝም። ዛሬ እሑድ ነው፣ ነገ ጠዋት ሂድ። የደም ስኳርህንም አስለካ። የቴታነስ (የመንጋጋ ቆልፍ) መከላከያ መርፌህ ጊዜው አልፎ ከሆነ ንገራቸው፤ በምላጭ የተቆረጠ ቁስል ስለሆነ የቴታነሱ ነገር መታየት አለበት።


ሃምሳ አለቃ ጡረተኛ
ጥር 4፣ ከቀኑ 9፡15

ልጄ፣ እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ከስክስ ያጠለቅኩ ሰው ነኝ። የዚህ ነገር መድኃኒቱ ጥጥ ነው። መግል ሳይዝ፣ ገና ሲጀማምርህ፣ እግርህን ዘፍዝፈህ ጥፍሩ ሲለሰልስ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ጥጥ እንደ ፈትል ታሽና ከጥፍሩ ጠርዝ ሥር ቀስ አድርገህ ታስገባታለህ። ጥፍሩ ሥጋውን ትቶ ጥጡ ላይ ተደግፎ ያድጋል። ጥጧን በየቀኑ ትቀይራለህ። ጥፍሩ ከሥጋው አልፎ እስኪወጣ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፣ ትዕግሥት ነው።

አቆራረጡ ላይ ደግሞ አሥር አለቃችን ይቆጡን ነበር። "እንደ አካፋ ቁረጡት፣ እንደ ማንኪያ አታድርጉት" ይሉን ነበር። ቀጥ አድርገህ፣ ጥጎቹን ሳትነካ። ጥጉ ከሥጋው በላይ ሲታይ ነው ጤና የምትሆነው።

እኔም ያው ጣት አሁን ጥፍሩ ወፍሮ ተጣሞብኛል፣ ጎኑም ጠቆር ብሏል። ግን ተመስገን ነው፣ ስኳር ከያዘኝ ወዲህ ጭራሽ አይሰማኝም።


ሲስተር ቲ
ጥር 4፣ ከቀኑ 9፡22

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የሚዜውን ልጅ ትቼ ወደ እርስዎ ልምጣ። ስለ ጥጡም ስለ አካፋውም ያሉት ልክ ነው፣ ለጤነኛ ሰው። ጣትዎ የማይሰማዎት ግን ስለዳነ አይደለም። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፣ ወደ እግር የሚወርደውንም ደም ይቀንሳል። ሳይሰማዎት ይቆስላል፣ ሳይሰማዎት ያመረቅዛል፣ ደሙ ስለማይደርሰው ደግሞ ቶሎ አይድንም። ጠቆር ብሏል ያሉት ነገር በጣም አሳስቦኛል።

እባክዎ ነገ ሳይሉ ይታዩ። እስከዚያው ጥፍርዎን ራስዎ አይቁረጡ፣ ጥጥም አያስገቡ። ሙቅ ውሃ ውስጥም አይዘፍዝፉት፤ ውሃው ቢፈጅዎት እንኳ አያውቁትም።


የአባቷ ልጅ
ጥር 4፣ ከምሽቱ 1፡50

ሃምሳ አለቃ፣ እኔም ሲስተር ያሉትን ልድገምልዎት። አባቴ ስኳር አለበት። አዲስ ጫማ ገዛሁለት፣ እኔው ነኝ የገዛሁለት፣ ደስ ብሎት አደረገው። አንድ ቀን ካልሲው ላይ እድፍ አይቼ ቡና የፈሰሰበት መስሎኝ ነበር። አውራ ጣቱ ጎን ላይ ጥፍሩ ገብቶ መግል ቋጥሯል፣ እሱ ምንም አያውቅም። "ኧረ አያመኝም" እያለ ሁለት ሳምንት አሳለፈ። ስንሄድ አጥንቱ ድረስ ደርሷል አሉን። ጣቱ ተቆረጠ። ደግነቱ ከዚያ በላይ አልሄደም። አሁን ማታ ማታ እግሩን አገላብጬ አያለሁ፣ ውስጥ እግሩን በመስታወት። መጀመሪያ ያፍር ነበር፣ አሁን ቡናው ሲፈላ ራሱ ካልሲውን አውልቆ ይጠብቀኛል።


ሃምሳ አለቃ ጡረተኛ
ጥር 4፣ ከምሽቱ 2፡30

ልጆቼ አስደነገጣችሁኝ። እሺ። ነገ ከልጄ ጋር እሄዳለሁ።


አርባምንጭ ነኝ
ጥር 4፣ ከምሽቱ 3፡00

አገሩ ሐዋሳ ነው ካልክ ሙጀሌ እንዳይሆን? እኛ ጋ ልጆች ጥፍራቸው ጎን አብጦ ቀልቶ "ጥፍር ነው" ሲባል ሙጀሌ ሆኖ ይገኛል።


ሲስተር ቲ
ጥር 4፣ ከምሽቱ 3፡12

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ሙጀሌ ቁንጫ ናት፤ ቆዳ ውስጥ ገብታ እንቁላሏን ስትይዝ ነጣ ያለ አተር የሚመስል እብጠት ይሆንና መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ሲጀምር ከሕመሙ ማሳከኩ ይብሳል። ባዶ እግሩን ወይም አፈር ቤት ውስጥ በሚውል ሰው ላይ ነው የምትበዛው። የሚዜው ጣት ላይ ነጥብ የለም፣ ጠባብ ጫማና ምላጭ ነው ያለው። ሙጀሌም ብትሆን በእሾህና ባልተቀቀለ መርፌ አይወጣም።


እሙ ሰልማ
ጥር 5፣ ከጠዋቱ 12፡40

ከጅዳ ነኝ። እኔም ይኸው ነገር አለኝ፣ ሁለቱም አውራ ጣቶቼ። ቀኑን ሙሉ ውሃና ክሎሮክስ ውስጥ በፕላስቲክ ሸበጥ ነው የምውለው። ማዳሜ ፋርማሲ ወስዳኝ ቅባት ገዛችልኝ፣ ተሽሎኛል። ግን ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ሳደርግ ፋሻው ይርሳል። በየጊዜው ልፈታው ወይስ እንዴት ነው የምታደርጉት?


የደሴ ልጅ
ጥር 5፣ ከጠዋቱ 2፡15

እህቴ፣ ቁስል ላይ ያለ ፋሻ መፍታቱ የሚጎዳሽ ከሆነ በላዩ ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ እንደሚፈቀድ ነው ያስተማሩን፤ የቀረውን እግርሽን ታጥቢዋለሽ። ለአእምሮሽ ዕረፍት የምታምኚውን ኡስታዝ ጠይቂ። ለሥራው ደግሞ የጎማ ቦት ጫማ ለምኛት። ያላብሻል፣ ስለዚህ ከሥሩ የጥጥ ካልሲ አድርጊና ሲርስ ቀይሪው።


የሽሮሜዳው
ጥር 5፣ ከጠዋቱ 3፡00

እኔ እኮ ለበጎ ነው የተናገርኩት። የአባቴ ጥፍር ግን "ቪ" አውጥቶለት ይሻለው ነበር።


ዳላስ ያለሁት
ጥር 5፣ ከጠዋቱ 3፡48

ሽሮሜዳው፣ አባትህ የተሻላቸው "ቪ"ውን ለማውጣት እግራቸውን ዘፍዝፈው፣ ጫማቸውን አውልቀው ሁለት ቀን ስለተቀመጡ ይሆናል 😄

ሚዜው፣ እኔ ባለፈው ክረምት ተሠርቶልኛል፣ እዚህ ፖዳያትሪስት የሚባል የእግር ብቻ ሐኪም አለ። ፈርቼው የነበረውን ልንገርህ። ከሁሉም የሚያመው የማደንዘዣው መርፌ ነው፣ ጣትህ ሥር በግራና በቀኝ ይወጉሃል። አሥር ሰከንድ ጥርስህን ንከስ። ከዚያ በኋላ ሲጎትቱት ታውቃለህ፣ ሕመም ግን የለውም፤ የሌላ ሰው ጣት ይመስልሃል። ሙሉ ጥፍሩን አልነቀሉትም። በገባበት በኩል ሦስት አራት ሚሊሜትር የምትሆን ስስ ቁራጭ በቁመቷ እስከ ሥሯ ሰንጥቀው አወጧት። ሐኪሙ አሳየኝ፣ ጫፏ እንደ መንጠቆ ነበረች። ያቺ ነገር ስድስት ወር እንቅልፍ ነሥታኛለች ብዬ ተናደድኩ።

ከዚያ ሥሩ ላይ ፌኖል ቀቡት። ይህን አስረግጠህ ጠይቅ። ፌኖል የዚያችን የተቆረጠች ጎን ሥር ያደርቃታል፣ ብዙ ጊዜ መልሳ አትበቅልም። ሳይቀባ ከቀረ ግን ብዙ ሰው ላይ ተመልሳ ትመጣለች። ጉዳቱ፣ ከተቀባ በኋላ ለሁለት ለሦስት ሳምንት እዥ ሊያወጣ ይችላል፣ "አመረቀዘብኝ" ብለህ እንዳትደነግጥ። መቅላቱ እየሰፋ፣ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ግን ሌላ ነገር ነው።


ሙሉውን ያስነቀልኩ
ጥር 5፣ ከረፋዱ 4፡30

ለምን በቁራጭ? እኔ ሙሉውን አስነቅዬ ተገላገልኩ።


ዳላስ ያለሁት
ጥር 5፣ ከረፋዱ 4፡41

መቼ ነው ያስነቀልከው?


ሙሉውን ያስነቀልኩ
ጥር 5፣ ከረፋዱ 4፡43

መስከረም ላይ።


ሲስተር ቲ
ጥር 5፣ ከቀኑ 7፡10

ወንድሜ፣ ገና ነው። የአውራ ጣት ጥፍር ሙሉ ሆኖ እስኪበቅል ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይፈጃል። በዚህ መሐል የጣትህ ሥጋ ጥፍር ስለሌለበት ከፊት በኩል ከፍ ይላል፤ አዲሱ ጥፍር ሲደርስ እሱ ላይ ይጋጫል። ሲያድግ በደንብ ተከታተለው፣ ጠባብ ጫማም አታድርግ። ሐኪሙ ሙሉውን ለማንሳት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ በዚያ አልገባም።


ሯጩ
ጥር 6፣ ከጠዋቱ 12፡05

አንድ ነገር ልጨምር። ከእንጦጦ ቁልቁል ስንሮጥ ጣታችን ከጫማው ፊት ጋር ይጋጫል፣ ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይጣመማል። መፍትሔው ጫማ ከሰዓት በኋላ መግዛት ነው፣ እግር ውሎ ያብጣልና። ከረጅሙ ጣት ፊት የእጅ አውራ ጣት ስፋት የሚያህል ቦታ ይቅር። ሌላው፣ ወረቀት ላይ ቆመህ እግርህን አስምረውና ቁረጠው፣ ወረቀቱን ጫማው ውስጥ ክተተው። ከታጠፈ ያ ጫማ የአንተ አይደለም። የሚዜው 41 ወረቀቱን እንደ ቄጤማ ነው የሚያጥፈው።


ሚዜው
ጥር 7፣ ከቀኑ 11፡20

ተሠራልኝ! ሰኞ ሄጄ ለዛሬ ቀጠሩኝ። ስኳሬ ደህና ነው። መርፌው ዳላስ እንዳለው ነው፣ አሥር ሰከንዱ ግን ሃያ ሆነብኝ። ከዚያ በኋላ ከሐኪሙ ጋር ስለ ኳስ እያወራን አለቀ። ፌኖል አላቸው ወይ ብዬ ስጠይቅ ሐኪሙ "ማን ነው ያስተማረህ?" አለኝ። እዚህ ያሉትን አልነገርኩም፣ ኩራቴን ለራሴ ያዝኩ። ክሎክሳሲሊን የታዘዘልኝ መቅላቱ ወደ እግሬ ጀርባ ስለዘለቀ ነው፣ ጨርሰው ተብያለሁ። ከነገ ወዲያ ፋሻው ይቀየራል። የሦስት ቀን ፈቃድ ጻፉልኝ፤ አለቃዬ ወረቀቱን አገላብጦ አየና "ለጥፍር?" አለኝ።


የአባቷ ልጅ
ጥር 7፣ ከምሽቱ 1፡00

እንኳን ማረህ። ጥምቀት ላይ ግን ታቦት እሸኛለሁ ብለህ ሕዝብ መሐል እንዳትገባ፤ አንድ ሰው ቢረግጥህ ያቺ ቀን አታልፍም።


ሚዜው
ጥር 11፣ ከምሽቱ 2፡10

ምክራችሁን ሳልሰማ ወጣሁ። ከኋላ ሆኜ ነበር። አንዲት እናት በጃንጥላቸው ጫፍ በትክክል እሷኑ ጣት ወጉኝ። ፋሻው ትንሽ ደምቷል፣ ሌላ ነገር የለም። "ይማርህ ልጄ፣ ጥምቀት ነው" ብለውኝ አለፉ።


ሃምሳ አለቃ ጡረተኛ
ጥር 13፣ ከጠዋቱ 3፡30

ልጆቼ፣ ሄጄ ታየሁ። የጣቴ ጥቁረት ከጥፍሩ ሥር የቆየ ደም ነው አሉኝ። የባሰው ሌላ ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ጣት መሐል ቁስል አገኙ፣ እኔ ፈጽሞ አላወቅኩትም። ውስጥ እግሬን በክር በመሰለ ላስቲክ እየነኩ "ሲሰማዎት ይንገሩኝ" አሉኝ፣ እኔ ዝም ብዬ ስጠብቅ ለካ እየነኩኝ ነው። አሁን በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ ይጠረግልኛል። ጥፍሬን እነሱ ቆረጡልኝ፣ እንደ አካፋ።


ሲስተር ቲ
ጥር 13፣ ከጠዋቱ 3፡41

ጋሼ፣ እንኳን ደረሱ። ቁስሉ እስኪዘጋ ቤት ውስጥም ባዶ እግርዎን አይሂዱ። ጫማዎን ከማድረግዎ በፊት እጅዎን አስገብተው ጠጠር ካለ ይፈትሹ።


ሚዜው
ጥር 20፣ ከጠዋቱ 4፡00

ሰርጉ አለፈ። የሰርጉን ጫማ ሊስትሮው የእንጨት ቅርጽ ከትቶ አሰፋልኝ፣ አልበቃም። ሙሽራው ይህን ሲሰማ "ሁላችንም ነጭ ስኒከር" አለ፤ ስድስታችንም በሱፍ ላይ ነጭ ስኒከር አድርገን ገባን። እኔ 43 ገዛሁ፣ ከጎዙ ጋር ልክ መጣ። ፎቶ አንሺው "ምርጥ ስታይል ነው" ሲል ሳቄ አመለጠኝ። ጭፈራው ላይ ግን ትከሻ ብቻ ነበርኩ።


ሯጩ
ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 1፡15

ጥፍሩስ እንዴት ሆነ?


ሚዜው
ሐምሌ 10፣ ከቀኑ 8፡30

እዡ በሦስተኛው ሳምንት ደረቀ። ጥፍሩ ትንሽ ጠበብ ብሏል፣ ካልነገርኩህ አታየውም። በየሦስት ሳምንቱ ቀጥ አድርጌ እቆርጣለሁ፣ ጥጎቹን በሞረድ ብቻ ነው የማለዝባቸው። ሥራ ቦታ 42 ሰጥተውኛል፤ የእኔን 41 አዲስ ለገባ ልጅ ሊሰጡት ሲሉ ልኩን ጠየቅኩት። 43 ነው።